የታወሩ መዝገብ ለምን ይረጥብ ነበር

ጡረታ የወጣሁ ለት ከንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብለን ዕቃ ተረካከብን። ሦስት ብሩሽ፣ ሁለት ጥንድ ቦት ጫማ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የክሎሪን መስፈሪያ ጣሳ፣ የውሃ መመርመሪያ ሣጥን፣ አሥራ ዘጠኝ የታወር መዝገብ። ሰውየው ጠንቃቃ ነው፤ መዝገቦቹን ሳይቀር አንድ በአንድ ገለጠና ፊቱን ቋጠር አድርጎ ቀና አለ።

«እትዬ ባንቺአየሁ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ንጹሕ ናቸው። ከስድስተኛው ወዲህ ግን በየመስመሩ ውሃ ነክቶታል። ጣሪያው ያፈስ ነበር?»

«ጣሪያው ደህና ነው። የእኔ እጅ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግበው?»

«‹ያገለገለ፣ የረጠበ› በል።»

እንዳልኩት ጻፈ። አሥራ ዘጠነኛውን ሊወስድ ሲል ግን እጄን ጣል አደረግሁበት። «ይሄን እስከ ሥራ መውጫ ተውልኝ፣ አንድ መስመር ይቀረዋል።» ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ያን ለት ቆሜ ላወራው ያልቻልኩትን ነገር ነው አሁን፣ ሥራ ፈትቼ ቤቴ ስቀመጥ፣ የምጽፈው።

ታወር ስል የስልክ ታወር የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ጎረቤቶቼም ለዓመታት እንደዚያ ይመስላቸው ነበር፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እኔን ይቆጡኛል። የእኔ ታወር ስልክ አያስደውልም። ሞጣ ከተማ ዳር ባለ የኑግ ዘይት ፋብሪካ ጓሮ የቆመ የውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ዘይት ሲጣራ ይግላል፤ የጋለውን የሚያበርደው ውሃ ነው። ውሃው ራሱ ይሞቅና በፓምፕ ወደ ታወሩ አናት ይወጣል፤ ከዚያ በእንጨት ርብራብ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። አናቱ ላይ ያለው ትልቅ ፋን አየር ይስባል፣ ከውሃው ከፊሉ እንፋሎትና ጤዛ ሆኖ ይሄዳል፣ የቀረው በርዶ ከታች ገንዳ ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ሥራው ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲዞር ይውላል። ሞቅ ያለ፣ አየር የጠገበ፣ አቧራ የማያጣው ውሃ ነው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች እንዲህ ያለ ውሃ ደስ ይላል። በዓይን የማይታየውን ተሐዋሲንም ደስ ይለዋል፤ የእኔ ሥራ ያንን ደስታ መንሳት ነበር።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ቢቸና በነበረ አንድ የዲዝል መብራት ማመንጫ በጽዳት ተቀጠርኩ። ባለቤቴ ከጦርነቱ አልተመለሰም፣ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል። ኃላፊያችን ከሞተር ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። አንዳችንን ሲፈልጉ በስም አይጠሩም፤ በመፍቻ ቧንቧውን ይመታሉ፤ አንዴ ከሆነ ሜካኒኩን፣ ሁለቴ ከሆነ እኔን ነው።

አንድ ሰሞን ሞተሩ ያለ ምክንያት መጋል አመጣ። ሜካኒኮቹ ሳምንት ሙሉ ፈተው ገጠሙት፤ ምንም አላገኙም። እኔ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ማቀዝቀዣ ሥር ስጠርግ ከርብራቡ ላይ እንደ ራሰ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። በመጥረጊያው እንጨት ነካ ሳደርገው ተቀድዶ ወደ ውሃው ወደቀ፤ ሲሄድ ሲሄድ ቧንቧው አፍ ላይ ደርሶ እዚያው ተለጠፈ። ፈራ ተባ እያልኩ ገባሁና «ጌታዬ፣ የታመመው ሞተሩ ሳይሆን ውሃው ይመስለኛል» አልኳቸው። ሜካኒኮቹ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቁም። ወጥተው አዩ፣ ቧንቧውን አስፈቱ፤ ውስጡ በዚያ ዝልግልግ ተጠቅጥቆ ውሃ ማሳለፊያ አጥቷል። የሽቦ ብሩሽ አምጥተው ሰጡኝና «ከዛሬ ጀምሮ ገንዳው ያንቺ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ዝልግልጉ ሞተር እንደሚያንቅ ብቻ ነበር የማውቀው።

ትልቁ የመብራት መስመር ቢቸና ሲደርስ ሞተሮቹ ጸጥ አሉ። ከተማው እልል ሲል እኔ ሥራ ፈታሁ። ሁላችንም ስንበተን ኃላፊው በማኅተም ያጸኑት አንድ ወረቀት ሰጡኝ። በስንት ዓመት ውስጥ ከሳቸው የሰማሁት ምስጋና እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ይህች ሴት ውሃ ታያለች።» ሌላ ምንም የለበትም። ያንን ወረቀት በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ልጆቼን ይዤ፣ በጉንደ ወይን በኩል በአቧራው መንገድ እየተንገጫገጭን ሞጣ ገባሁ። ዘይት ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

ፋብሪካው በር ላይ ወረቀቱን የተቀበሉኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ሲያነዱ ኖረው ወደ ሞጣ የመጡ። ቦይለሩም፣ ፓምፑም፣ ታወሩም በሳቸው እጅ ነበር። ወረቀቱን አንብበው ሣቅ አሉ።

«ውሃ ታያለች? እስቲ ምን ታያለች?»

ሁልጊዜ ከወገባቸው የማትለይ ነጭ የብረት ኩባያ ነበረቻቸው። በሷ ከገንዳው ቀድተው አቀረቡልኝ። አየሁት፤ ኩል የመሰለ ውሃ ነው። «ንጹሕ ነው» አልኩ።

«አሁን ደግሞ አውራ ጣትሽን ከግድግዳው ላይ፣ ከውሃው በታች አድርጊ።»

አደረግሁ። ጣቴ ተንሸራተተ።

«አየሽ? ውሃው ውስጥ መንገደኛው ነው ያለው። ባለቤቱ ግድግዳው ላይ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ክሎሪን ብትደፊበት ከላይ ከላይ ያለው ይሞታል፣ እሱ ከዝልግልጉ ሥር ሆኖ ይስቅብሻል። መጀመሪያ ቤቱን በብሩሽ ማፍረስ ነው።» ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ዞረው «ወረቀቱ ውሸት አይደለም፤ ዓይን አላት። ጣት ግን ገና ነች» አሉና ቀጠሩኝ።

ከሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ሰኞ ሰኞ ፋብሪካውን ዞረው የማንጠቀምባቸውን ቧንቧዎች ሳይቀር እየከፈቱ ያፈስሳሉ። «የተኛ ውሃ አልወድም» ይላሉ፤ በእርግጥም ከነዚያ ቧንቧዎች መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማና ሽታው የሚያስነጥስ ነበር። ፀሐይ ገንዳው ላይ እንዳያርፍ በቆርቆሮ አስከለሉት፤ ፀሐይ ካገኘ አረንጓዴው ይበቅላል፣ አረንጓዴው ካለ ሌላው የሚበላው አያጣም። ውቂያ ሲደርስ ደግሞ ከዙሪያችን አውድማዎች ሁሉ የጤፍ ገለባና አቧራ ነፋስ ይዞ ይመጣል፤ ፋኑ እሱን እየሳበ ገንዳው ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር በታወሩ ጎን የሽቦ ወንፊት እንወጥራለን፤ ጠዋትና ማታ እሱን ማራገፍ የእኔ ሥራ ነበር። ውሃው በተነነ ቁጥር ጨዉና ድንጋዩ ስለሚቀር በየቀኑ ከፊሉን አፍስሰን አዲስ እንጨምራለን። ማክሰኞና ዓርብ ግድግዳውን በረጅም ብሩሽ አሽተን ክሎሪን እንሰጠዋለን። በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ ትልቁ እጥበት አለ፦ ዋዜማውን ከወትሮው የበዛ ክሎሪን ጨምረን ውሃውን እናዞረዋለን፤ በማግስቱ ገንዳውን አፍስሰን ሰው ውስጥ ገብቶ ርብራቡን በጎማ እየረጨ ያሻል።

እዚያ ሲገቡ ሁለት ዓይነት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ውሃው ክሎሪኑን ካላገኘ አፍና አፍንጫቸውን በመሐረብ ጥብቅ አድርገው አስረው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ነው የሚሠሩት። ዋዜማውን ክሎሪን ተጨምሮ ካደረ ግን መሐረባቸውን ፈትተው መንዙማቸውን እያዜሙ ያሻሉ። ድምፃቸው ታወሩ ውስጥ ሲያስተጋባ ደስ ይላል፤ የመጫኛው ክፍል ሴቶች ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው ያደምጣሉ። አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። ለስግደት ሲታጠቡ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር እንኳ፣ ሙቁ ውሃ አጠገባቸው እያለ፣ ከቤት ባመጡት ማንቆርቆሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነበር የሚታጠቡት። «ለምን ከዚህ አይታጠቡም?» ብላቸው «እሱን አላምነውም» ብቻ አሉኝ።

ያላመኑበትን ምክንያት ያወቅሁት ፋብሪካው አዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ሲልከኝ ነው። አሠልጣኙ በእንዲህ ያለ ሞቃት ውሃ ውስጥ የሚራባ ተሐዋሲ እንዳለ፣ ሲጠጡት ሳይሆን ከጤዛው ጋር ሲተነፍሱት ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ፣ ከሌላው የሳንባ ምች በመልክ እንደማይለይ፣ የተለመደው መርፌም እንደማያድነው ነገረን። ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። ስመለስ አነበብኩላቸው።

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሙን አላውቅም ነበር» አሉ፤ «ጠባዩን ግን አውቀዋለሁ። ድሮ በሠራሁበት ፋብሪካ ሁለት ሰው እንዲህ ሆኖ ሞቷል። ብርድ ነው ተባለ።»

ሌላው ትእዛዛቸው የመዝገቡ ነበር። መጀመሪያ ሥሪ፣ ከዚያ ጻፊ፤ ከሥራው በፊት እስክሪብቶ እንዳትነኪ ይሉኝ ነበር። ይህን እንዲያው የሽማግሌ ንዝንዝ አድርጌ ነው የያዝኩት። አምስት ዓመት አንድም ቀን ሳላጓድል ሠራሁ። ስለማላጓድልም ሳላስበው ሌላ ልማድ ያዝኩ፦ ጠዋት ስገባ፣ እጄ ደረቅ ሳለ፣ ወረቀቱም ሳይቆሽሽ፣ የቀኑን መስመሮች ሁሉ አስቀድሜ እሞላለሁ። «ግድግዳው ታሽቷል። ክሎሪን ተጨምሯል።» ከዚያ ወጥቼ የጻፍኩትን እሠራለሁ። መዝገቤ ንጹሕ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ለሌሎች ክፍሎች ምሳሌ አድርጎ ያሳየው ነበር።

አሁን ስለ ሙቋ ልንገራችሁ። ከታወሩ በየቀኑ የምናፈስሰው ውሃ በቧንቧ ከአጥሩ ውጭ ወዳለ ቦይ ይወርዳል፤ ሲወርድ ገና ሙቅ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ቦዩን «ሙቋ» ብለው ስም አወጡለት። በሞጣ ብርድ ጋቢና አንሶላ በሙቅ ውሃ ማጠብ ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ እንጨቱስ ከየት ይመጣል? ክርስቲያኑም እስላሙም ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር የሚታጠበውን ሁሉ ይዞ ሙቋ ይወርዳል፤ የቤት ጉዳይ የሚወራውም፣ የሚታረቀውም እዚያ ነው። ችግሩ ክሎሪኑ ነው። እነሱ ሁሉንም በረኪና ነው የሚሉት። በረኪና ነጩን ያነጣዋል፣ ጥለቱንና ቀለሙን ግን ይበላዋል። ስለዚህ ማክሰኞና ዓርብ የእኔ ቀን፣ ሌላው የነሱ ቀን እንዲሆን ተስማምተን እንኖር ነበር።

ጋሽ ሰይድ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ቀን፣ ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሦስት ትልልቅ ጥቅል ልብስ አሸክመው ሙቋ ወረዱ። ውቂያ ነበር፣ ወሩን ሙሉ ገለባ ሲዘንብብን ከርሟል፤ በማግስቱ ቅዳሜ ፋብሪካው ስለሚቆም ትልቁ እጥበት ነበረ። ስለዚህ ያን ዓርብ የሚጨመረው ክሎሪን የዓመቱ ዋናው ነው። ጠዋት መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ። ጣሳዬን ይዤ ስወጣ እትዬ ፋጡማ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።

«ባንቺዬ፣ የኔ እናት፣ ዛሬን ይቺን በረኪና ተያት።»

«እትዬ ፋጡማ፣ ዓርብ እኮ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ትናንት ልንመጣ ስንል እንግዳ ደረሰብን፤ ነገ ደግሞ ፋብሪካው ይቆማል፣ ሙቁ ውሃ የለም። የልጂቱ ቀሚስ አለ፣ ለአማቶቿ የሚሰጠው ጋቢ አለ። ጥለቱ ቢለቅ እነዚያ ሰዎች ምን ይሉኛል?»

«ጋሽ ሰይድ ነገ ውስጥ ይገባሉ።»

«ታዲያ ነገ በማለዳ ትጨምሪዋለሽ! አንድ ለሊት ምን ይለዋል? እሱ እንደሆነ ከረፋዱ በፊት አይገባም።»

የሠርግ ቤት ሴትን እንቢ ማለት ከብዶኝ ነው እንዳልል፣ እውነቱ ሌላ ነው። እኔም ከሙቋ ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ልጄን ስድር እነዚሁ ሴቶች የእኔን ጋቢ አጥበውልኛል። «እሺ» አልኩ። ጣሳውን መልሼ ቆለፍኩበት። ሴቶቹ እስኪመሽ አጠቡ፤ እኔም ከሥራ ስወጣ እጅጌዬን ሰብስቤ አገዝኳቸው። መዝገቡ ትዝ አላለኝም። የጻፍኩት እንደ ተሠራ ሆኖ በጭንቅላቴ ተቀምጧል።

ቅዳሜ በማለዳ ስደርስ ከበሩ ላይ መንዙማ ሰማሁ።

ጋሽ ሰይድ ከወትሮው ቀድመው መጥተው፣ ገንዳውን አፍስሰው ታወሩ ውስጥ ገብተዋል። በጎማው ርብራቡን ይረጫሉ፣ ጤዛው እንደ ጉም ሸፍኗቸዋል፣ አፋቸው ክፍት ነው፣ ያዜማሉ። ዝልግልጉ በየጥቅልሉ እየተላጠ እግራቸው ሥር ይወድቃል። ጣሳዬን ይዤ ቆምኩ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

«ባንቺ፣ ዘገየሽ!» አሉኝ እየሣቁ። «ክሎሪን ይዘሽ ነው? ለማለቅለቂያው ነው?»

«አዎ ጋሽ ሰይድ፣ ለማለቅለቂያው ነው።»

«አንቺ መቼም አትረሺ» አሉና ዜማቸውን ቀጠሉ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ራሳቸውን አመማቸው። ምች ነው ተባለና ዳማ ከሴ ታሸላቸው። በሠርጉ ዕለት ሁለት ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ልጃቸውን ሲመርቁ ምርቃቱን ሳል አቋረጣቸው። «የሠርግ ድካም ነው» ይል ነበር ሰው ሁሉ። እኔም አብሬ እንደዚያ አልኩ፤ እያልኩ ግን ቀን እቆጥር ነበር። በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ።

ያከመቻቸው ከደቡብ ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ነበረች። የሳንባ ምች ነው አለች፣ መርፌ ጀመረችላቸው። አልጋው አጠገብ ቆመን ሳለ «ምን ሥራ ነው የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ፋጡማ «ዘይት ፋብሪካ» አሏት። «ጭስ አለ? አቧራ?» «አቧራ አለ።» ሐኪሟ ጻፈች። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። በደብተሬ የጻፍኩት ሁሉ፣ የተለመደው መርፌ እንደማያድነው ሳይቀር፣ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። አፌን ብከፍት ሥራዬን አጣለሁ፤ ከዚያም በላይ እትዬ ፋጡማ እዚያው ባላቸው አልጋ ሥር ሆነው ልብሱን ለምን እንዳጠቡ ሊያስቡ ነው። ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሁለቱ ቀን ትኩሳቱ አልወረደም፣ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ሰው መለየት ተሳናቸው። አንዴ ዓይናቸውን ገልጠው «ቧንቧዎቹን ከፍተሽ አፍስሻቸው፣ ሰኞ ነው» አሉኝ። ረቡዕ ነበር።

ተነስቼ ሐኪሟ ክፍል ገባሁ።

«ዶክተር፣ ውሸት ጽፌአለሁ።»

«የት ነው የጻፉት?» አለች ግራ ገብቷት።

«መዝገብ ላይ።» ሁሉንም ነገርኳት፤ ታወሩን፣ ጤዛውን፣ ያልተጨመረውን ክሎሪን፣ ክፍት አፋቸውን። ደብተሬን አውጥቼ የሥልጠናውን ገጽ አሳየኋት። ቆማ አነበበች።

«ይህን ተሐዋሲ ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ እዚህ የለንም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ከሆነ የምሰጣቸው መርፌ አይሠራለትም። መድኃኒቱን አሁኑኑ እቀይራለሁ።» ደብተሬን መለሰችልኝና ዓይኔን አየችኝ። «ሰኞ ስጠይቅ እዚያው ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

መድኃኒቱን ልታዝ ወጣች። ዛሬ ድረስ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነው።

ያ ተሐዋሲ መሆኑን በምርመራ ያረጋገጠ የለም። የማውቀው መድኃኒቱ በተቀየረ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሰይድ ላባቸው ወርዶ አጥሚት መጠየቃቸውን ነው። ዳኑ። ሳንባቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ የታወሩን መሰላል ሁለተኛ አልወጡትም። መንዙማውንም አላዜሙትም፤ አንድ ስንኝ ሳይጨርሱ ትንፋሻቸው ያልቅ ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል።

ለሥራ አስኪያጁ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። ለስድስት ወር ወደ መጥረጊያዬ መለሰኝ። ፍርዱ ቀላል ነበር፤ እኔ ብሆን ከዚያ በላይ እፈርድ ነበር። ማን እንደለመነኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ጋሽ ሰይድ ከሆስፒታል ወጥተው ደጃቸው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ሄድኩ። እትዬ ፋጡማ ወደ ጓዳ ገቡ። እግራቸው ሥር ካለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ስንት ቀን ያሰብኩትን ንግግር ረሳሁት።

«ክሎሪን ተጨምሯል ብዬ የጻፍኩት ሳልጨምር ነው ጋሽ ሰይድ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። በየሁለት ቃሉ እያረፉ ነበር የሚናገሩት። «ዓርብ ማታ ቤት ስገባ የታጠበው ልብስ በረኪና በረኪና አይልም። ቅዳሜ ማለዳ ታወሩን ስከፍተው እሱም አይሸትም። ሁለቴ ነገረኝ ይሄ አፍንጫ።»

«ታዲያ ለምን ገቡ?» አልኩ፤ ድምፄ ሳላውቀው ጮኸ።

«መሐረቤንማ አስሬ ነበር። ከዚያ ለማንኛውም ብዬ መዝገቡን ገለጥኩ። ተጨምሯል ይላል። ያንቺ ጽሑፍ ነው። ‹አረጀህ ሰይድ፣ አፍንጫህም ሞተ› አልኩና መሐረቤን ፈታሁት።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፣ አልተቆጡኝምም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከጓዳው በር ላይ እትዬ ፋጡማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር።

«አብሽሪ» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔ አውፍ ብዬሻለሁ፤ ይቅር ብያለሁ። ፋጡማንም አውፍ ብያታለሁ። መዝገቡን ግን እኔ አውፍ ልለው አልችልም። እሱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።»

ወደ ታወሬ ስመለስ የመጀመሪያውን ቀን መዝገቡን ከጽሕፈት ቤቱ አውጥቼ ገንዳው ዳር ካለ ምስማር ላይ በገመድ ሰቀልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ ውሃውን ሳይነካ እስክሪብቶ ነክቶ አያውቅም፤ እጄን ሳልጠርግ ነው የምጽፈው። ሥራ አስኪያጁ ስለ ቆሸሸው መዝገብ ሁለት ጊዜ ተቆጣኝ፣ በኋላ ተወኝ። የሙቋ ሴቶችም ዓርብ ቀን ወደ አጥሩ ዝር አላሉም፤ ማንም አልከለከላቸውም፣ እትዬ ፋጡማ አንድ ነገር ሳይሏቸው አይቀሩም። ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ሰኞ ሰኞ በዱላ እየተደገፉ አጥሩ ድረስ ይመጡና «የተኛውን አፈሰስሽው?» ይሉኛል። «አፍስሻለሁ» እላለሁ። እጄን ያያሉ፤ ርጥብ ከሆነ ይሄዳሉ።

አሁን ታወሩ አዲስ ማሽን ተገጥሞለታል። ክሎሪኑን በራሱ ይለካል፣ በራሱ ይጨምራል፣ በራሱ ይመዘግባል። ጥሩ ማሽን ነው፤ አልቀናሁበትም። ግድግዳ ግን አይነካም።

ጡረታ የወጣሁ ለት፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሄዶ ሥራ መውጫ ሲደርስ፣ አሥራ ዘጠነኛውን መዝገብ ይዤ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ገንዳው ወረድኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ አውራ ጣቴን ከውሃው በታች ግድግዳው ላይ አደረግሁ፤ አራቱንም ጎን ዞርኩ። ከዚያ እጄ እየተንጠባጠበ ጻፍኩ፦ «ግድግዳው በእጅ ታይቷል። አይንሸራተትም።» ስሜን ጻፍኩበት። ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ፤ ግን ይነበባል።